ከምኑ ላይ?

አንድ ገበሬ ካመረተው እህል ሲሶውን ለመሬቱ ባለቤት ሰጠ። ከቀረው 25 በመቶውን ለዘር አስቀመጠ። ጎተራ የገባው 12 ኩንታል ነው። ያመረተው ስንት ኩንታል ነበር?

ይህን ጥያቄ ክፍልፋይና መቶኛ አልፎ ለመጣ ተማሪ ስጡት። ብዙዎች የሚሄዱበት መንገድ ይታወቃል። 25 በመቶን ወደ አንድ አራተኛ ይለውጣሉ፤ ከአንድ ሦስተኛ ጋር ይደምሩና ሰባት አሥራ ሁለተኛ ያገኛሉ፤ የቀረው አምስት አሥራ ሁለተኛ 12 ኩንታል ነው ብለው 28.8 ይጽፋሉ። ድምሩ ልክ ነው፣ ማካፈሉም ልክ ነው። መልሱ ግን 24 ነው። ለዘር የተቀመጠው 25 በመቶ የተነሣው ሲሶው ከወጣ በኋላ ከቀረው ሁለት ሦስተኛ ላይ ነውና። የሁለት ሦስተኛ ሦስት አራተኛ ግማሽ ነው፤ ግማሹ 12 ከሆነ ሙሉው 24።

ተማሪው መደመርም ማካፈልም ይችላል። ያልተማረው «ከምኑ ላይ?» ብሎ መጠየቅን ነው። ለዚህ ተወቃሹ በየክፍሉና በየአስጠኚው ዘንድ እንደ ጥሩ ዘዴ የሚታየው የቁልፍ ቃል ሾርትካት ነው፦ «ቀረ» ካለ ቀንስ፣ «በድምሩ» ካለ ደምር፣ «በመቶ» ካለ ለመቶ አካፍለህ አባዛ። በዚህ የሠለጠነ ልጅ «ከቀረው» የምትለዋን ቃል አይስታትም። ያያታል፤ የሚሰማት ግን «ቀንስ» እንደምትል ትእዛዝ ነው። ሙሉው እንደተለወጠና ከዚህ በኋላ የሚመጣው መቶኛ የአዲሱ ሙሉ መሆኑን የምትናገረው ይህችው ቃል መሆኗን ማንም አልነገረውም። የፕሮብሌሙ ክብደት በሙሉ ያረፈባትን ቃል ሾርትካቱ ወደ ቅነሳ ምልክት አወረዳት።

የዚህ ልማድ መጨረሻ የት እንደሚያደርስ ከታየ ቆይቷል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ ማብቂያ በፈረንሳይ ግረኖብል የሒሳብ ትምህርት ተመራማሪዎች ለአንደኛ ደረጃ ልጆች እንዲህ ያለ ጥያቄ አቀረቡ፦ መርከብ ላይ 26 በጎችና 10 ፍየሎች አሉ፤ የካፒቴኑ ዕድሜ ስንት ነው? አብዛኞቹ ልጆች ቁጥሮቹን አቀናጅተው ዕድሜ አወጡ። ከጥያቄው ውስጥ ቁጥርና ምልክት መልቀም ብቻ ከተለመደ፣ ታሪኩ ትርጉም ይስጥ አይስጥ ማን ያያል?

መምህራን የሚሰጡትን መልስ አውቃለሁ። ክፍሉ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ ክፍለ ጊዜው አጭር ነው፣ ፈተናው ምርጫ ነው፤ ለደከመው ተማሪ ቢያንስ ሾርትካቱ ይድረስለት ይላሉ። ድካማቸውን አከብራለሁ፤ ክርክራቸውን ግን አልቀበልም። ሾርትካቱ የሚሠራው አንድ እርምጃ ባለው ጥያቄ ላይ ብቻ ነው። ክፍልፋይና መቶኛ ተከታትለው ሲመጡ ይከዳል፤ ይበልጥ የሚከዳውም ሌላ መደገፊያ የሌለውን ያንኑ የደከመ ተማሪ ነው። ሥራውን የሚያውቅ ፈተና አውጪ ደግሞ 28.8ን ከምርጫዎቹ መካከል ማስቀመጡ አይቀርም፤ የትኛው ስህተት ብዙ ሰው እንደሚወስድ ያውቃልና።

ጉዳቱም ከፈተና ወረቀት ጋር አይቀርም። ተጨማሪ እሴት ታክስን ጨምሮ 1,150 ብር የሚል ደረሰኝ ውሰዱ። ታክሱ 15 በመቶ ስለሆነ 1,150ን በ15 በመቶ አባዝቶ 172 ብር ከ50 ሳንቲም የሚል ሰው ጥቂት አይደለም። 15 በመቶው የተሰላው ግን ታክስ ካልተጨመረበት 1,000 ብር ላይ ስለሆነ ታክሱ 150 ብር ነው፤ ይህም ከተከፈለው ላይ ሦስት ሃያ ሦስተኛ ይሆናል። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ብር በ15 በመቶ እንዲዳከም ሲደረግም፣ አንድ ዶላር ከ23.4 ብር ገደማ ወደ 26.9 ብር ገደማ ወጣ። በ15 በመቶ የተወደደው ዶላሩ ነው፤ ብሩ ከዶላር አንጻር ያጣው 13 በመቶ ያህል ነው። ለውጡ ያው 3.5 ብር ሆኖ አንዱ ከ23.4 ላይ፣ ሌላው ከ26.9 ላይ ይሰላል። «ብር 15 በመቶ ዋጋ አጣ» ተብሎ ሲነገር ግን ከምኑ ላይ ብሎ የጠየቀ ብዙ ሰው አልሰማሁም።

የተሻለው መንገድ ተጨማሪ መጽሐፍ አይፈልግም። ሲንጋፖር ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ልጆቿን አራት ማዕዘን እያሳለች ታስተምራለች። የገበሬውን ምርት በአንድ ረጅም አራት ማዕዘን ስሉትና ሦስት ቦታ ክፈሉት። አንዱን ክፍል አጥቁሩት፤ ያ የባለመሬቱ ነው። ከቀሩት ሁለት ክፍሎች ሩቡ የአንዱ ክፍል ግማሽ ስለሆነ እሱን ለዘር አጥቁሩ። ነጭ ሆኖ የቀረው አንድ ክፍል ተኩል 12 ኩንታል ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል 8 ኩንታል ይሆናል። 28.8 የሚያወጣ ልጅ ይህን ሥዕል ሲስል ሩቡን የት እንደሚያጠቁር ማሰብ ግድ ይሆንበታል።

ፈተናውም ይለወጥ። ተማሪው ከስሌቱ በፊት በእያንዳንዱ መቶኛና ክፍልፋይ ፊት ሙሉው ምን እንደሆነ በአንድ መስመር ይጻፍ፤ ለዚያች መስመርም ነጥብ ይሰጣት። ነጥብ የሌለውን ነገር በፈተና ሰሞን የሚያስተምር መምህርም ሆነ የሚያጠና ተማሪ አይገኝም።