አሣ መብላት በብልሃት፣ ማርባትም በብልሃት

"አሣ መብላት በብልሃት" ይላሉ አበው። እነሱ ይህን ያሉት እሾሁን ፈርተው ነው። እኔ ግን ዛሬ ልጽፍ የተነሣሁት ስለ እሾሁ ሳይሆን ገና የገብስ ፍሬ ስለምታህለው የአሣ ጫጩት ነው። "ደብረ ታቦርንና አሣን ምን አገናኛቸው?" የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ የእኛ የፋርጣ ልጆች ስም ከድንችና ከገብስ ጋር እንጂ ከአሣ ጋር ሲነሣ ብዙም አይሰማም። ታዲያ እኛ ቤት ላለፉት ሦስት ዓመታት የጦፈ ክርክር ያስነሣው ድንቹም ገብሱም ሳይሆን አሣው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጓሯችን አንድ ኩሬ አለ። የተቆፈረው በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ በየገበሬው ጓሮ የዝናብ ውኃ እንዲጠራቀም ዘመቻ በተካሄደበት ጊዜ ነው። እኔ ያኔ በእናቴ ጀርባ ላይ ነበርኩ። በዚያ ዘመቻ በክልላችን ብዙ ሺህ ኩሬዎች ተቆፍረው ፕላስቲክ ተነጠፈባቸው፤ ብዙዎቹ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ፕላስቲኩ እየተቀደደ፣ ውኃው እየሠረገ ባዶ ቀሩ። የእኛም ዕጣ ከዚያ አልተለየም። ፕላስቲኩ የገለባ ክምር መሸፈኛ ሆነ። እማየ "ይደፈንና ድንች እንትከልበት" ስትል፣ አባየ "ላቤን ያፈሰስሁበትን ጉድጓድ በገዛ እጄ አልደፍንም" ሲል ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ ከሦስት ዓመት በፊት አባየ ወለሉን በሸክላ አፈር ደልድሎ ውኃ አስያዘውና ወረታ አካባቢ ከሚኖር ወዳጁ ሁለት መቶ የቆሮሶ ጫጩት አመጣ።

ያመጣቸው በሁለት ጀሪካን ነበር። ከወረታ እስከ ደብረ ታቦር ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም አውቶቡሱ እስኪሞላ ተጠብቆ፣ ጀሪካኑ አፉ ተዘግቶ፣ ፀሐይ መቶት ሲደርስ ሰማንያ ያህሉ ሞተዋል። በጀሪካን ውስጥ ውኃ እንጂ አየር እንዳልነበረ ማን አሰበ? የቀሩትን ግን እኔው ነኝ የፈጀሁት። ወፍና እንቁራሪት እንዳይበላቸው ብዬ ከፎገራ ዘመዶቻችን ያገኘሁትን አዲስ አጎበር በእንጨት ወጥሬ ውኃው ውስጥ እንደ ጎጆ ሠራሁላቸውና ጫጩቶቹን በሙሉ እዚያ ውስጥ ከተትኋቸው። በማግስቱ ጧት ስሄድ ሁሉም ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈዋል። አጎበሩ የተነከረበት የትንኝ መድኃኒት ለሰው ብዙም ባይጎዳ ለአሣ መርዝ መሆኑን ያወቅሁት እዚህ ትምህርት ክፍል ከገባሁ በኋላ ነው። እስቲ ፍረዱኝ፣ ለፎገራ ሕፃን ሕይወት የሆነው አጎበር ለእኔ ጫጩቶች ከፈን ሆነ! አንድ ነገር በቦታው መልካም ስለሆነ ብቻ በሌላ ቦታም መልካም ነው ማለት እንዳልሆነ ያስተማረኝ ያ ጧት ነው። ልጽፍ የተነሣሁበት ጉዳይም ከዚህ ሐሳብ ውጭ አይደለም።

አባየ ተስፋ አልቆረጠም። በሁለተኛው ዙር ጫጩቶቹን ሌሊት፣ በሰፊ ባልዲ፣ ውኃውን እያማሰልን አመጣናቸው። የላም እበት በመጠኑ እየጨመርን ውኃውን አረንጓዴ አደረግነው፤ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ እየፈጨን መገብናቸው። አብዛኞቹም ተረፉ። ዳሩ ግን አላደጉም! ሁለት ዓመት ሙሉ ተቀልበው ከመዳፌ አልበለጡም።

ምክንያቱ ብርዱ ነው። የጣና ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ሲገኝ ደብረ ታቦር ግን 2700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቆሮሶ የሞቀ ውኃ ወዳጅ ነው። ውኃው ከ16 ወይም 17 ዲግሪ ሲወርድ መብላቱን ያቆማል፤ ለመራባት ደግሞ ከ20 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ የምታስፈለፍል፣ ጫጩቶቿም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ የሚገቡ ድንቅ ፍጥረት ናት። የጉና ብርድ ግን ለዚህ ሁሉ እናትነት ፋታ አይሰጣትም።

ባለፈው ዓመት ለፋሲካ ከአዲስ አበባ የመጣው አጎቴ ኩሬውን አይቶ ሳቀ። "ይኼማ የማይሆን ነገር ነው። እኔ የካርፕ ጫጩት አመጣላችኋለሁ። ብርድ አይፈራም፣ ያገኘውን ይበላል፣ ቶሎ ይወፍራል። ከፈለጋችሁም ባለቀለሙን አመጣላችሁና ለሆቴሎች ትሸጣላችሁ" አለ። ባለቀለም ያለው ጃፓኖች ከካርፕ አራብተው ያወጡትን፣ ኮይ የሚባለውን ቀይና ነጭ አሣ ነው። አጎቴ አልዋሸም። ካርፕ በረዶ በሸፈነው ውኃ ሥር ሳይቀር ክረምቱን ያልፋል። አንዲት ትልቅ ሴት ካርፕ በአንድ ጊዜ በመቶ ሺህ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። አገራችን ከገባም ቆይቷል፤ በቆቃና በዝዋይ ይጠመዳል። አባየ በደስታ ተዋጠ። "አይሆንም" ያልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ለምን አልኩ? በሐምሌና በነሐሴ ኩሬያችን ሞልቶ ይፈሳል። የሚፈሰው ውኃ ወደ ቦዩ፣ ቦዩ ወደ ጅረቱ፣ ጅረቱ ወደ ርብ፣ ርብም የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ወደ ጣና ይገባል። በደቡብ በኩል ያለው ጓደኛዬ ኩሬ ቢኖረው ደግሞ የእሱ ውኃ በጉማራ በኩል እዚያው ጣና ይደርሳል። ከእኛ ጓሮ ያመለጠች ጫጩት ዋኝታ ጣና ለመግባት ጎርፉ ራሱ መንገድ ይጠርግላታል።

በጣና ውስጥ ነጭ አሣ የምንላቸው፣ በሳይንሱ ላቢዮባርበስ የሚባሉ፣ ዐሥራ አምስት ያህል ዝርያዎች አሉ። ብዙዎቹ በዓለም ላይ ከጣና በቀር የትም አይገኙም። በፊሊፒንስ ላናኦ በሚባል ሐይቅ እንደ እነሱ ያለ የአሣ ዘመዳሞች ስብስብ ነበር፤ ዛሬ ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ከእነሱ ብዙዎቹ እኛ ለቡሄ ችቦ በምናበራበት ሰሞን በርብና በጉማራ ሽቅብ ወጥተው ንጹሕ ጠጠር ላይ ይወልዳሉ። በወንዙ አፍ ላይ በሚዘረጋው መረብ ምክንያት ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት በሦስት አራተኛ ያህል እንደቀነሱ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። በዚህ ላይ ጭቃ እየፈነቀለ ውኃ የሚያደፈርስ፣ የውኃ ዕፅ ከሥሩ የሚነቅል አሣ ቢጨመርባቸው ምን ይሆናሉ?

"ይኼማ ፍርሃት ነው" የምትሉኝ ካላችሁ ወደ ጎረቤታችን ኬንያ ተመልከቱ። ናይቫሻ ሐይቅ ውስጥ ካርፕን ማንም አስቦ አልጨመረውም። ከላይ በማሌዋ ወንዝ አካባቢ ከነበሩ የአሣ ኩሬዎች በጎርፍ አምልጦ እንደገባ ይታመናል። በሐይቁ ውስጥ መጀመሪያ የታየው በ1993 ዓ.ም. ነበር፤ በዐሥር ዓመት ውስጥ ከሐይቁ ከሚወጣው አሣ አብዛኛው ካርፕ ሆነ። የእኛም ጣና ቢሆን ትምህርቱን አግኝቷል። አበባው ያማረው እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመነጨ አረም ነው። በጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. ታየ፤ ከዚያ ወዲህ ስንት ሰው ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ እንደነቀለው የምናውቀው ነው። አበባውን ያየ ሁሉ ወዶታል። ኮይንም ያየ ሁሉ ይወደዋል። "አሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል" የተባለው ለካ እንዲህ ላለው ነው!

ይህን ሁሉ ለአባየ ዘረዘርኩለት። አባየ ዝም ብሎ ሰማኝና "እሺ የተማርኸው ልጄ፣ እዚህ ጉና ሥር ለምኖር ሰው ጣና ምኔ ነው? ጣና ለእኔ መቼ አሣ ላከልኝ?" አለኝ። እውነቱን ልናገርና ያን ማታ መልስ አልነበረኝም። ደግሞም ልክ ነው። ሐይቁን የሚበላው ሌላ፣ ለሐይቁ ሲባል "ይቅርብህ" የሚባለው ደግሞ የደጋ ገበሬ ከሆነ ፍርድ አይባልም። ስለዚህ እኔ በበኩሌ "ካርፕ አታርቡ" ብሎ መሄድ ብቻውን ሥራ ነው ብዬ አላምንም። "አይሆንም" ያለ ሰው የሚሆነውን ማሳየት አለበት።

የሚሆነውስ ምንድን ነው? አንደኛ፣ ደብረ ታቦር ላይ ጫጩት ማሳደግ ይቅር። ጫጩቷ የምትፈልገው ሙቀት ፎገራ ላይ አለ። እዚያ ጣት እስክታህል ትደግና በየካቲት ወደ እኛ ትውጣ፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ሙቀት ያወፍራታል። ሁለተኛ፣ ዘሩ የጣና ይሁን። ቆሮሶ ከብርዱ ካልተስማማ አምባዛ ይሞከር፤ እሱም የጣና ነው፣ አየር ያነሰው ውኃም ይችላል። ጫጩቶቹ ግን እርስ በርስ ስለሚበላሉ በመጠን በመጠን እየለዩ ማሳደግ ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ ኩሬው በክረምት ጎርፍ የሚመልስ ቦይ፣ ልጅና ከብት የሚከለክል አጥር፣ በመፍሰሻው ላይም ወንፊት ይኑረው። ወንፊቱ ግን የመድኃኒት አጎበር እንዳይሆን አደራ! አራተኛ፣ ባሕር ዳር የአሣ ምርምር ማዕከል አለን፤ ሰበታም አለ። ትምህርት ክፍላችን ከእነሱ ተማክሮ እዚሁ ግቢ አንዲት የሙከራ ኩሬ ቢቆፍር ከስንት ክፍል ውስጥ ትምህርት በበለጠን ነበር።

አባየ ለጊዜው አጎቴን በስልክ "ቆይ እስቲ" ብሎታል። ለእኔ ግን ቀጠሮ ሰጥቶኛል። "እስከ መጪው ሰኔ ድስት የሚገባ አሣ ካላሳየኸኝ፣ ኩሬው ወይ የአጎትህ አሣ ወይ የእናትህ ድንች ይሆናል" ብሎኛል። እማየ ከአሁኑ የድንች ዘር መርጣ አስቀምጣለች። ከፎገራ ያዘዝኳቸው ጣት የሚያህሉ ስድሳ ቆሮሶዎች የካቲት ላይ ይመጣሉ። በዚህ ነገር ልምድ ያላችሁ፣ ወይም ሐሳቤን የምትቃወሙ ብትኖሩ በሚቀጥለው እትም ጻፉልኝ። እስከዚያው ቸር እንሰንብት።