ጨው የቀነሰ፣ ጣዕሙ ያልጎደለ የእንግዳ እራት



በዛሬው የቤተሰብ ዐምዳችን ወደ ማድ ቤት ይዘናችሁ እንገባለን። በብዙዎቻችን ቤት ያለ፣ ነገር ግን በግልጽ የማንነጋገርበት አንድ ችግር አለና። አክስት ወይም አጎት ከደሴ፣ ከከሚሴ ወይም ከጅማ ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ይመጣሉ። ሐኪሙ መርምሮ «ደም ግፊት አለብዎት፤ ጨው ይቀንሱ» ብሎ ያሰናብታቸዋል። ማታ እኛ ቤት ናቸው። ታዲያ ለእራት ምን እናቅርብላቸው?

በብዙ ቤት የሚሆነው ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው፣ «ለእንግዳ ጨው የሌለው ነገር እንዴት ይቀርባል?» ተብሎ ወጡ እንደ ወትሮው ይሠራል። እንግዳውም የቤቱን እመቤት ላለማስቀየም ሲሉ ይበሉታል። ሁለተኛው ደግሞ ቤተሰቡ አንድ ትሪ ከቦ ወጡን ሲጎርስ፣ ለእርሳቸው ብቻ የተቀቀለ ድንችና ካሮት በትንሽ ሳህን ለብቻ ይቀርባል። የመጀመሪያው ሰውነታቸውን ይጎዳል፤ ሁለተኛው ልባቸውን። ከዘመድ ጋር ሊበሉ መጥተው ከዘመድ ተለይተው መብላት ለሽማግሌ ሰው ቀላል አይደለም።

እኛ የምንለው ሦስተኛ መንገድ አለ ነው። ይኸውም የቤቱን ሰው ሁሉ እራት ጨው የቀነሰ፣ ጣዕሙ ግን የሞላ አድርጎ መሥራትና ሁሉም ከአንድ ትሪ እንዲበላ ማድረግ ነው።

ጨው በሰውነታችን ውስጥ

በመድረሳ ኡስታዞቻችን የእንግዳን ሐቅ ሲያስተምሩን፣ በመደበኛው ትምህርት ቤት ደግሞ ጨው ሶዲየምና ክሎሪን የተዋሐዱበት መሆኑን ተምረናል። ለዛሬው ጉዳያችን ሁለቱም ትምህርቶች ያስፈልጉናል።

ሶዲየም በሰውነት ውስጥ ውኃን ያቆያል። ጨው ሲበዛ በደም ሥር ውስጥ የሚዘዋወረው ፈሳሽ ይጨምራል፤ ልብም ያንን ለመግፋት ከመጠን በላይ ትሠራለች። ይህ ለዓመታት ሲቀጥል ደም ሥሮችን ይጎዳል፤ ለልብ ሕመም፣ ለኩላሊት መድከምና በአንጎል ውስጥ ደም ለመፍሰስ ወይም ለመርጋት ይዳርጋል። ደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምልክት አያሳይም። ስለዚህ «ደህና ነኝ፣ ምንም አላመመኝም» ማለት ማስረጃ አይሆንም።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል። ይህ ልክ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ልብ በሉ፤ ይህ የሚባለው ለአንድ ወጥ ሳይሆን ከጧት እስከ ማታ በእንጀራ፣ በዳቦና በወጥ ውስጥ ለሚገባው ጨው በሙሉ ነው። በዓለም ላይ ያለው ሰው በአማካይ የሚመገበው ግን የዚህን እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ ለእንግዳችን ብለን የምንሠራው እራት ለእኛም ለልጆቻችንም ጥቅም አለው።

የተደበቀውን ጨው ማወቅ

ብዙ እናቶች «እኔ እኮ ጨው አላበዛም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ በእጃቸው የሚጨምሩት ጥቂት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል። ሚጥሚጣው ውስጥ አለ። የሽሮ ዱቄቱም ብዙ ጊዜ ከነጨው ይፈጫል። በተለምዶ ማጊ የምንለው ኩብ የሾርባ ማጣፈጫ ደግሞ አብዛኛው ክፍሉ ጨው ነው። ከሱቅ የምንገዛው ዳቦም ጨው አለበት።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ በርበሬ በሚዘጋጅበት ጊዜ አንድ ሁለት ኪሎ ያህሉን ያለ ጨው አስፈጭቶ ለብቻ ማስቀመጥ ነው። ኩብ ማጣፈጫውን ለዚህ እራት ጨርሶ መተው ይገባል።

ቡናንም አንርሳ። በወሎም ሆነ በሌሎች አካባቢዎች ቡናን በጨው መጠጣት የቆየ ልማድ ነው፤ በሐረር ቁጢም እንዲሁ ጨው ይገባበታል። እራቱን ተጠንቅቀን ሠርተን በሦስቱ ስኒ ጨውን መልሰን ብናጠጣቸው ድካማችን ከንቱ ይሆናል። ለቡናው ጤና አዳም ጣል ማድረግ በቂ ነው፤ ሽታውም ለእንግዳ የሚመጥን ነው።

በጨው ፈንታ ምን?

ምላስ ጣዕምን የሚያገኘው ከጨው ብቻ አይደለም። ጎምዛዛ ነገር፣ የሚያቃጥል ነገር፣ በደንብ የተቁላላ ሽንኩርትና መልካም ሽታ አንድ ላይ ሲሆኑ የጨው ማነስ አይታወቅም። በተለይ ሎሚና ኮምጣጤ ያለውን ጥቂት ጨው ጎልቶ እንዲሰማ ያደርጋሉ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በቤታቸው ማባያ ጠይቀው ከኮምጣጤ በቀር የለም ሲባሉ፣ እርሱኑ አስመጥተው እያወደሱ መብላታቸው በሐዲስ ተላልፏል። የኛም እንጀራ በራሱ ጎምዛዛ መሆኑ ትልቅ እገዛ ነው።

የእራቱ አሠራር (ለስምንት ሰው)

ለዚህ እራት የምንጠቀመው ጨው በጠቅላላው አንድ ልክ የሻይ ማንኪያ ብቻ ነው። አስቀድማችሁ ለክታችሁ በስኒ አስቀምጡት፤ በእጅ እየቆነጠሩ መጨመር ልክ ያሳጣል።

ቀይ ወጥ፦ አንድ ኪሎ ቀይ ሽንኩርት አድቅቆ መክተፍና ያለ ዘይት በለስላሳ እሳት ማቁላላት። እንዳያርር ሙቅ ውኃ ጠብ እያደረጉ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መታገሥ ያስፈልጋል። የወጡ ጣዕም ከዚህ ትዕግሥት ይገኛል፤ በችኮላ የተቁላላ ሽንኩርት ግን ጨው ያስጠይቃል። ከዚያ አንድ ስኒ ዘይት፣ ቀጥሎ አራት የሾርባ ማንኪያ ጨው ያልገባበት በርበሬ ጨምሮ ሃያ ደቂቃ ያህል ማብሰል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ከዚያም አንድ ኪሎ የተከተፈ ጮማው የወጣለት የበግ ወይም የበሬ ሥጋ ይገባል። ሥጋው ሲበስል አንድ የሾርባ ማንኪያ በኮሰረትና በበሶብላ የተነጠረ ቅቤ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ኮረሪማና ጥቂት ጥቁር አዝሙድ ይጨመራል። ጨው የሚገባው ድስቱ ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው፤ ከስኒው ግማሹን።

ምስር አልጫ፦ ሁለት ብርጭቆ ክክ ምስር በሽንኩርት፣ በእርድ፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ይበስላል። ሲወርድ ሁለት የተሰነጠቀ ቃሪያና ከቀረው ጨው ግማሹ ይገባበታል።

ጎመን፦ ሁለት እስር ጎመን ተቀቅሎ፣ ተከትፎ፣ በትንሽ ዘይትና በብዙ ነጭ ሽንኩርት ይጠበሳል። የመጨረሻው ጨው እዚህ ላይ ይነሰነሳል፤ ሲቀርብ ግማሽ ሎሚ ይጨመቅበታል።

ሰላጣ፦ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ቃሪያ በሎሚና በኮምጣጤ ብቻ። ጨው አያስፈልገውም።

ጨውን መጨረሻ ላይ ለምን አልን? ጨው መጀመሪያ ላይ ሲገባ ወጡ እየወፈረ በሄደ ቁጥር ጨውነቱ ይበረታል። ከዚህም ሌላ በገበያ የምናገኘው ጨው አዮዲን የተጨመረበት ነው። በሀገራችን ይህን የሚያስገድድ ደንብ እ.ኤ.አ በ2011 ወጥቷል። አዮዲን እንቅርትን የሚከላከል ሲሆን ብዙ ሲንተከተክ ይቀንሳል። ስለዚህ ጨው ስንቀንስ አዮዲን ያለውን ትተን ሌላ አንፈልግ፤ ያንኑ በመጠኑ እንጠቀም።

ሒሳቡንም እንየው። አንድ የሻይ ማንኪያ ለስምንት ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ ከአንድ ግራም በታች ይደርሰዋል።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች

አንደኛ፣ በአንዳንድ ሱቆች «ለደም ግፊት የሚሆን ጨው» ተብሎ የሚሸጥ አለ። ብዙውን ጊዜ በውስጡ ፖታሲየም አለበት። ኩላሊቱ ለደከመ ወይም አንዳንድ የግፊት መድኃኒቶችን ለሚወስድ ሰው ፖታሲየም ለልብ አደገኛ ሊሆን ይችላል። ሐኪም ሳይጠየቅ እንግዳ ላይ አይሞከርም። እንግዳው የኩላሊት ሕመም ካለባቸው ምስሩም፣ ጎመኑም፣ ቲማቲሙም መጠን ሊኖረው ስለሚችል የታዘዙትን ቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ሁለተኛ፣ ምግብ መድኃኒትን አይተካም። «ጨው ትቻለሁ» ብለው ክኒኑን እንዳያቋርጡ በአክብሮት ማስታወስ የቤተሰቡ ድርሻ ነው።

የአቀራረብ አደብ

ቁርኣን በሱረቱ ዛሪያት የነቢዩ ኢብራሂምን (ዐ.ሰ) መስተንግዶ ይነግረናል። እንግዶች በመጡባቸው ጊዜ ቀስ ብለው ወደ ቤተሰባቸው ሄደው የሰባ ጥጃ አመጡ፤ ራሳቸውም አቀረቡላቸው። ዑለማዎች ከዚህ ከሚያወጧቸው አደቦች አንዱ እንግዳው እንዳይሳቀቅ ዝግጅቱን ሳያሰሙ መፈጸም ነው።

ለእኛም እራት የሚያስፈልገው ይኸው ነው። «ለእርስዎ ብለን እኮ ጨው ተውን» ብሎ በሰው ፊት መናገር ውለታን ማስቆጠር ይሆናል፤ እንግዳውንም «አስቸገርኳችሁ» ያሰኛቸዋል። ልጆችም «እማዬ፣ ጨው የለውም!» ብለው እንዳይጮኹ አስቀድሞ በገር ቃል ይነገራቸው። ነጭ ሽንኩርት መላጥ፣ ጎመን መቀንጠስና ሎሚ መጭመቅ ለወንዱም ለሴቷም ልጅ ይሰጥ፤ የደከመበትን ምግብ የሚነቅፍ ልጅ ጥቂት ነው። የጨው ዕቃ ከትሪው ይራቅ፤ በቦታው የተቆረጠ ሎሚና ቃሪያ ይቀመጥ።

«በአላህ፣ ይቺን ብቻ ይጉረሱልኝ» ማለታችን እንደ ሆነ አይቀርም። ሐኪም ከከለከላቸው ትሪ ላይ ስናጎርሳቸው ግን ፍቅራችን ጉዳት ይሆናል። ሁሉም ከሚበላው፣ ለእርሳቸውም ከሚስማማው ትሪ ስናጎርሳቸው ጉርሻው እውነተኛ ጉርሻ ነው።

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ» ይላሉ አበው። አሞሌ እንደ ገንዘብ ይመነዘርባት በነበረች ሀገር ለእንግዳ ጨው መንፈግ ነውር መስሎ ቢታይ አይገርምም። ዛሬ ግን የዘመዳችንን ዕድሜና ጤና ከአሞሌ አስበልጠን ማክበር አለብን። ምላስም ቢሆን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አነስተኛ ጨውን ይለምዳል። ለአንድ እንግዳ ብለን የጀመርነውን እንግዳው ከሄዱም በኋላ ብንቀጥልበት በቤታችን ትተውልን የሄዱት በረካ ይሆናል።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይስጥልን። በሚቀጥለው ወር፣ ኢንሻአላህ፣ በሌላ ርእስ እስክንገናኝ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።