ወንድነት በምራቅ ሲለካ

በአማርኛ አንድን ሰው በእጅጉ ለማወደስ ስንፈልግ «ወንድ ነው» እንላለን። ሙገሳው ለሴት ልጅ በሚሆንበት ጊዜ እንኳ ከዚያው ቃል አንወጣም፤ ፈተናዋን በድል የተወጣችን ልጃገረድ «ወንዳታ!» ብለን ትከሻዋን መታ መታ እናደርጋለን። ድፍረትንም ሆነ ቁጣን የምናስቀምጠው በደም ውስጥ ነው። ደሙ ፈላ፣ ደመ ቁጡ ነው እንላለን። በልቦለዶቻችንም ጀግናው ክንዱን ከማንሣቱ በፊት ደሙ ይፈላል። ከዚህ ሁሉ አነጋገር በስተ ጀርባ አንድ እምነት አለ፦ ወንድነት ከእናት ማኅፀን ይዘነው የምንወጣ፣ በደም የተጻፈና የማይለወጥ ነገር ነው የሚል።

ይህን እምነት መሞገት እሻለሁ። ሙግቴን የምጀምረው ግን ከሥነ ምግባር ትምህርት ሳይሆን ከዚያው ከደሙ ነው።

በደም ውስጥ ወንድነትን የሚሸከም ነገር እንዳለ ገበሬያችን ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። ወይፈኑን የሚያኮላሸው ለእርሻ እንዲገራለት፣ ፍየሉን የሚያኮላሸው ሙክት ሆኖ እንዲሰባለት ነው። ሳይንስ ይህንኑ በዶሮ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1849 በጀርመን፣ በጌቲንገን ከተማ፣ አርኖልድ በርትሆልድ የተባለ ሊቅ የአውራ ዶሮዎችን የዘር ፍሬ ቢያወጣ መጮኽና መዋጋት ተዉ፤ ፍሬውን ሆዳቸው ውስጥ መልሶ ቢያኖር ግን እንደ ቀድሞው ጮኹ፣ ተዋጉም። ፍሬው ከነርቭ ተለይቶ ስለ ነበር መልእክቱ የተላለፈው በደም መሆን አለበት። ከ86 ዓመታት በኋላ፣ በ1935፣ ያ መልእክተኛ ነጥሮ ወጣ፤ ስሙም ቴስቶስትሮን ተባለ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ የድሮው እምነት ረታ ማለት ነበር። ነገር ግን ደሙን ራሱን የሚያዘው ማን ነው? ትእዛዙ የሚወጣው ከአንጎል ነው። አንጎልም እንደ ብልህ የቤት እመቤት ጎተራውን ሳያይ አያዝም። እህሉ ሲተርፍ ለጡንቻ፣ ለጉርምስና፣ ለፉክክር የሚሆነውን ይሰፍራል፤ እህሉ ሲያንስ ወይም ሰውነት ከበሽታ ጋር ሲታገል እጁን ይሰበስባል። በሆንዱራስ በወባ የታመሙ ወንዶች በተመረመሩ ጊዜ ሆርሞኑ ከጤነኞቹ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ሕመምተኛ ያለበት ቤት ድግስ አይደግስም።

ይህን ለመለካት ዛሬ መርፌ እንኳ አያስፈልግም፤ ጥቂት ምራቅ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ ጥናት የአራት ሕዝቦችን ምራቅ ጎን ለጎን አስቀመጠ፦ የአሜሪካዋን የቦስተን ከተማ ነዋሪዎች፣ በኮንጎ በኢቱሪ ጫካ የሚያርሱትን ሌሴዎች፣ የኔፓል ተራራ ገበሬዎች የሆኑትን ታማንጎች እና የፓራጓይን አቼዎች። በወጣቶቹ መካከል የታየው ልዩነት ሰፊ ነበር፤ ከፍተኛው መጠን የቦስተኖቹ ሆነ። ዕድሜያቸው 45 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑት ዘንድ ግን ልዩነቱ ጠፋ ለማለት ይቻላል። ከፍ ብሎ የጀመረው የቦስተን ሰው ቁልቁል ወርዶ ከሌሎቹ ጋር ተገናኘ።

ችኩል አንባቢ ከዚህ ክፉ ትርጉም ሊያወጣ ይችላል። ሰውን በአፍንጫ ቅርጽና በራስ ቅል ስፋት ደረጃ ሲሰጥ የኖረ ዓለም ነገ በምራቅ ደረጃ ቢሰጥ አይገርምም። ስለዚህ የቦሊቪያን ነገር ልጨምር። በዚያች አገር የአማዞን ቆላ የሚኖሩት ቺማኔዎች ያድናሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ያርሳሉም። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት የሆርሞናቸው መጠን ከአሜሪካውያን ወንዶች በሲሶ ያህል ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እነዚሁ ሰዎች ኳስ ተጫውተው ሲጨርሱ ግን መጠኑ በ30 ከመቶ ያህል ጨምሮ ነበር። በማግስቱ ዓመት የወጣው ጥናት ደግሞ ይበልጥ ይደንቃል፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ዛፍ የቆረጡት ወንዶች ጭማሪ ወደ 47 ከመቶ ደረሰ። ከኳሱ መጥረቢያው በለጠ። እንግዲህ ዝቅተኛው ቁጥር የድካም ሳይሆን የቁጠባ ምልክት ነው፤ የተቆጠበውም በሚያስፈልግበት ሰዓት ይወጣል።

ይህን ቁጠባ ሰውነት የሚማረው በልጅነቱ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት በባንግላዴሽ ያደጉ ወንዶችን በብሪታንያ ካደጉ የባንግላዴሽ ተወላጆች ጋር አነጻጽሮ ነበር። ልጅነታቸውን በብሪታንያ ያሳለፉት ቁመታቸው ረዝሞ፣ ጉርምስናቸው ቀድሞ፣ ሆርሞናቸውም ከፍ ብሎ ተገኘ። ካደጉ በኋላ የተሰደዱት ግን የብሪታንያን እንጀራ ቢበሉም ወደዚያ ከፍታ አልደረሱም። ሁሉም የአንድ ሕዝብ ልጆች ናቸው፤ የለያያቸው ያደጉበት ምድር ነው። ተመራማሪዎቹ ጣታቸውን የሚቀስሩት በሕፃንነት በሚያጠቃ ተላላፊ በሽታ ላይ ነው፤ ከበሽታ ጋር ሲዋጋ ያደገ ሰውነት የውጊያውን ወጪ የሚሸፍነው ከቁመቱና ከጉርምስናው ቀንሶ ነው። ብዙ ልጆቻችን ንጹሕ ውኃ በማያገኙበት አገር የምንኖር እኛ ከዚህ ጥናት ልናነብ የሚገባን የወንድነትን ማነስ ሳይሆን ከልጅነት ላይ የተቀማውን ነው። የምንቆጭ ከሆነ ለዚህ እንቆጭ።

እኔን ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን የአባቶች ነገር ነው። በታንዛንያ፣ በኤያሲ ሐይቅ አካባቢ፣ ሐድዛና ዳቶጋ የሚባሉ ሁለት ሕዝቦች በጉርብትና ይኖራሉ። ሐድዛዎቹ አዳኞችና ፍሬ ለቃሚዎች ናቸው፤ አባት ሕፃኑን ያቅፋል፣ ያጫውታል። ዳቶጋዎቹ ከብት አርቢዎች ናቸው፤ ሕፃን ማሳደግ በእነሱ ዘንድ የእናት ድርሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት እንዳሳየው የሐድዛ አባቶች ሆርሞን ልጅ ከሌላቸው ወንዶች ያነሰ ነበር፤ በዳቶጋዎቹ ዘንድ ግን አባት የሆነውና ያልሆነው አልተለያዩም። በፊሊፒንስ፣ በሴቡ፣ ደግሞ 624 ወጣቶች እ.ኤ.አ. በ2005 ተለክተው ከአራት ዓመት በኋላ እንደገና ተለኩ። በመጀመሪያው ልኬት ሆርሞናቸው ከፍ ያለው ወጣቶች ትዳር ይዘው አባት የመሆን ዕድላቸው የበለጠ ሆኖ ተገኘ፤ አባት ከሆኑ በኋላ ግን መጠኑ በብዙ ወረደ። ከአባቶቹም መካከል በቀን ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ልጅ የሚንከባከቡት መጠናቸው ከሌሎቹ ያነሰ ነበር።

እንግዲህ ምን እንበል? ልጁን ያቀፈ አባት ወንድነቱ ቀነሰ እንበል? ልጅ አዝሎ በመንገድ ሲያልፍ የታየ ወንድ በብዙ ሰፈሮቻችን ዛሬም መሳቂያ ነው፤ ይህን ቁጥር ቢሰሙ የሚስቁት ሰዎች ማስረጃ ያገኙ ይመስላቸዋል። እኔ ተቃራኒውን እላለሁ። የዚያ ሰው ሰውነት ከፉክክር ወደ ጥበቃ፣ ከማግኘት ወደ ማሳደግ ተሸጋገረ። የጎደለበት ነገር የለም፤ ሥራው ተለወጠ፣ ደሙም ከሥራው ጋር ተለወጠ። ሕፃን ማቀፍ ለወንድ ባዕድ ቢሆን ኖሮ የወንድ ሰውነት እንዲህ ባልተዘጋጀለት ነበር።

በሀብታሙ ዓለምም ቢሆን ከፍታው አልጸናም። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የማሳቹሴትስ ጥናት ከ1987 እስከ 2004 የተሰበሰቡ ልኬቶችን ቢያነጻጽር፣ በዕድሜ እኩያ ከሆኑ ወንዶች መካከል በኋለኞቹ ዓመታት የተለኩት መጠናቸው ቀንሶ ተገኘ። ውፍረት አንዱ ምክንያት ነው፤ ስብ ሆርሞኑን ወደ ኤስትሮጅን ይለውጠዋልና። ይሁን እንጂ ውፍረት ብቻውን ነገሩን ሁሉ አላስረዳም። እንቅልፍም አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 በቺካጎ 10 ጤነኛ ወጣቶች ለአንድ ሳምንት በሌሊት አምስት ሰዓት ብቻ እንዲተኙ ቢደረግ የቀን መጠናቸው ከ10 እስከ 15 ከመቶ ወረደ። ሌሊቱን ስልኩ ላይ አፍጥጦ የሚያነጋው ወጣት በማግስቱ ወንድነትን የሚጨምር መርፌ ሲፈልግ ማየት ያሳዝናል። ከውጭ የገባ ቴስቶስትሮን አንጎልን ያታልለዋልና፤ ጎተራው የሞላ መስሎት ትእዛዙን ያቋርጣል፣ የዘር ፍሬም የወንድ ዘር ማምረቱን ይቀንሳል። ወንድነትን ሊገዛ የሄደ ሰው አባትነቱን አስይዞ ይመለሳል። ሆርሞኑ በሕመም የጎደለበትና ሐኪም ሊረዳው የሚገባ ሰው መኖሩን አልክድም፤ ነቀፌታዬ እርሱን አይመለከትም።

በደም የተጻፈ ያልነው ነገር እንግዲህ በየጊዜው እየታረመ የሚጻፍ ሆኖ አገኘነው፤ የልጅነት ሕመም፣ ጎተራ፣ መጥረቢያ፣ እንቅልፍ፣ የሕፃን ልቅሶ ሁሉም እጃቸውን አሳርፈውበታል። «ወንዳታ» የሚለውን ቃል እንተው አልልም፤ የሚያምር ቃል ነው። የምንሰጠውን ሰው ግን እናብዛ። መጥረቢያ ይዞ ለተነሣው እንደምንለው ሁሉ፣ ከሚያለቅስ ሕፃን ጋር ሌሊቱን ላነጋውም «ወንዳታ!» እንበል። ደሙ ከእኛ ቀድሞ ተስማምቶበታል።