ለሁለት መንገድ የሚሆን ሞተር ብስክሌት ስለ መምረጥ



ስለ ቤት አያያዝ፥ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ጤና በሚጻፍበት በዚህ ገጽ ላይ ዛሬ ስለ ሞተር ብስክሌት፥ ይኸውም ሕዝቡ ዶቅዶቄ ስለሚለው መጓጓዣ መጻፋችንን አይተው የሚደነቁ አይጠፉም። ዳሩ ግን ነገሩን በአስተውሎት ለሚመለከተው ሰው ይህ የቤተ ሰብ ጉዳይ ነው። ሞተር ብስክሌት በደመወዝ የሚተዳደር ሰው በዕድሜው ከሚያደርጋቸው ትልልቅ ግዢዎች አንዱ ነው፤ ገንዘቡም ከልጆች ልብስና ከትምህርት ቤት ወጪ ተቈጥቦ የሚወጣ ነው። ከገንዘቡም ይልቅ የሚበልጠው፥ የቤቱ ጌታ ወይም የቤቱ እመቤት ማታ በደኅና ወደ ደጃቸው መመለሳቸው በዚሁ ምርጫ ላይ የተመሠረተ መሆኑ ነው።

ለምሳሌ በሰሜን ጎንደር የጃናሞራ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን መካነ ብርሃንን እንመልከት። በዚያ የተመደበ የእርሻ፥ የጤና ወይም የትምህርት ሠራተኛ ጠዋት ከቤቱ ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚሄድበት መንገድ አጭር ነው። ነገር ግን ሥራው በወንበር ላይ አያበቃም፤ ገበሬውን ለመጐብኘት፥ ክትባት ለማድረስ፥ ትምህርት ቤት ለመመርመር ወደ ቀበሌዎቹ ዐቀበት መውጣትና ቍልቍለት መውረድ ግዴታው ነው። ለጉዳይም ወደ ዞኑ ከተማ ወደ ደባርቅ፥ ከደባርቅም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ወደ ጎንደር የሚሄድበት ጊዜ አለ። በስሜን ተራሮች ውስጥ የሚያልፈው የጠጠር መንገድ ከደባርቅ ተነሥቶ፥ 3,250 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው በሳንቃ በር፥ 3,600 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው በጨነቅ በኩል አልፎ፥ በቧሂት ማለፊያ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ከወጣ በኋላ ወደ ጃናሞራ ይወርዳል። እንግዲህ የዚህ ሠራተኛ ሞተር አስፋልቱንም፥ ኮረቱንም፥ ጭቃውንም፥ ውርጩንም መቻል አለበት ማለት ነው።

አባቶቻችን በቅሎ ሲገዙ፥ ለበዓል የምታምር በቅሎ ሌላ፥ ገደል የምትወርድ በቅሎ ሌላ መሆኗን ያውቁ ነበር። ሰኰናዋን፥ ወገቧንና አረማመዷን እንጂ የለበሰችውን ግላስ አይተው አይገዙም ነበር። የሞተር ብስክሌትም ነገር እንዲሁ ነው። አንደኛው ዓይነት ለአስፋልት ብቻ የተሠራ ዝቅተኛው ሞተር ነው፤ ሁለተኛው ለሜዳ ውድድር ብቻ የተሠራ፥ መብራትና ሰሌዳ እንኳ የሌለው ነው፤ ሦስተኛው ግን ሁለቱን ያስታረቀ፥ በከተማ በሕግ የሚነዳ በዱር መንገድም የሚሄድ ሁለገብ ሞተር ነው። በፋብሪካ ተሠርቶ በብዙ አገር እንዲታወቅ ያደረገው የጃፓኑ ያማሃ ኩባንያ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1968 ያወጣው ዲቲ 1 የተባለው 250 ሲሲ ሞተር ነው። ከዚያ ወዲህ ሌሎችም ኩባንያዎች ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል።

ገዢው በመጀመሪያ ሊያውቀው የሚገባው ነገር ከፍታ የሞተርን ጕልበት የሚበላ መሆኑን ነው። ሞተር ቤንዚን የሚያቃጥለው ከአየር ጋር ቀላቅሎ ነው፤ ወደ ላይ በወጣን መጠን ግን አየሩ እየሳሳ ይሄዳል። ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በጎንደር ከተማ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ 78 በመቶ ያህል ዝቅ ይላል፤ በቧሂት ማለፊያ ላይ ግን 60 በመቶ ገደማ ብቻ ይቀራል። ከዚህም የተነሣ በሻጩ ወረቀት ላይ 12 የፈረስ ጕልበት አለው የተባለው ሞተር ጎንደር ላይ ከ9 ፈረስ ብዙም አይበልጥ፤ ማለፊያው ላይ ሲደርስ 7 ፈረስ ቢቀርለት ነው። እንግዲህ በቈላ አገር በ100 ሲሲ ሞተር ሁለት ሰው ሲፈናጠጥ አይቶ ለስሜን ይበቃኛል የሚል ሰው ይሳሳታል። ለዚህ አገር ከ125 ሲሲ ያላነሰ፥ ይልቁንም 150 ወይም 200 ሲሲ የሆነ ይሻላል።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው የካርቡራተር ነገር ነው። ካርቡራተር አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑን አይቀንስም፤ ስለዚህ ከፍ ባለ ቦታ ቤንዚን ይበዛበትና ሞተሩ ያፍናል፥ ጥቍር ጢስ ያወጣል፥ ካንዴላው ይጠቍራል። ባለሙያ በውስጡ ያለችውን የቤንዚን መርጫ ቀዳዳ በምታንስ ቀዳዳ ቢለውጣት ይስተካከላል። ነገር ግን ለተራራ የተስተካከለውን ሞተር ሳያስመልሱ ወደ ቈላ ይዞ መውረድ ክፉ ነው፤ ቤንዚኑ ያንሰውና ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል። አዲሶቹ በኤሌክትሪክ መሣሪያ ቤንዚን የሚረጩ ሞተሮች የአየሩን መጠን ራሳቸው እየለኩ ስለሚረጩ ለከፍታ የተመቹ ናቸው፤ ቢበላሹ ግን መመርመሪያ መሣሪያና የሠለጠነ ሰው ይፈልጋሉ። ስለዚህ ገዢው ከሁለቱ የትኛውን ልግዛ ብሎ ከመጠየቁ በፊት፥ በአቅራቢያዬ ያለው መካኒክ የትኛውን ፈትቶ ይገጥማል ብሎ ይጠይቅ።

የሞተሩ ምት ዓይነትም ይታሰብ። ባለ ሁለት ምት ሞተር ቀላልና ለጥገና የማያስቸግር ነው፤ ነገር ግን ከቤንዚን ጋር ዘይት ያቃጥላል፤ ደግሞም በረዥም ቍልቍለት በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩን ይዞ ለመውረድ ኀይሉ ደካማ ነው። ባለ አራት ምት ሞተር ግን በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ራሱን ይዞ ስለሚወርድ ፍሬኑ አይግልም። ከቧሂት ወደ ጃናሞራ ለሚወርድ ሰው ይህ ልዩነት እንደ ትንሽ ነገር የሚታይ አይደለም።

ወደ አካሉ እንምጣ። የአስፋልት ሞተር ሆዱ ለመሬት ቅርብ ስለ ሆነ በድንጋይ ላይ ይመታል፤ ሁለገቡ ግን ከመሬት 24 ሳንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ይርቃል። የፊት ጎማው ትልቅ፥ ይኸውም 19 ወይም 21 ኢንች የሆነ እንደ ሆነ ጕድጓዱንና ድንጋዩን ተንከባልሎ ያልፈዋል። ቸርኬው በቀጫጭን ሽቦዎች የተወጠረ ቢሆን ይመረጣል፤ ቢጣመም ይቃናልና፥ ወጥ ሆኖ የተቀለጠው ግን ሲመታ ይሰነጠቃል። ጎማውም ጥርሱ እጅግ የጐላ ከሆነ በጭቃ ይነክሳል፥ በእርጥብ አስፋልትና በጎንደር የድንጋይ ንጣፍ ላይ ግን ያንሸራትታል፤ ስለዚህ ለሁለቱም መንገድ የሚሆን መካከለኛ ጥርስ ያለውን መያዝ ነው።

ስለ ቍመትና ስለ ክብደት ሁለት ሕግ እንስጥ። አንደኛ፥ ተቀምጦ የሁለት እግሩን ጣቶች መሬት ማስነካት የማይችል ሰው ያንን ሞተር አይግዛ፤ ዐቀበት ላይ ቆሞ እግሩ መሬት ያጣ ጋላቢ መውደቁ አይቀርምና። ሁለተኛ፥ ወድቆ ብቻውን ሊያነሣው የማይችለውን ሞተር አይግዛ። ዛሬ በሥዕል እየታዩ ልብ የሚማርኩት ታላላቅ የጕዞ ሞተሮች ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናሉ፤ በጨነቅ ውርጭ፥ ሰው በሌለበት ቦታ ከወደቁ ባለቤታቸው አጠገባቸው ተቀምጦ መንገደኛ ከመጠበቅ በቀር የሚያደርገው የለም። ከ110 እስከ 130 ኪሎ ግራም የሚመዝን ለአንድ ሰው ጕልበት ይበቃል። በየቀበሌው ለሚዘዋወሩ እኅቶቻችን የጤና ሠራተኞችም እነዚህ ሁለት ሕጎች ከማናቸውም በላይ ይጠቅማሉ።

በአገራችን የእርሻና የጤና መሥሪያ ቤቶችና የርዳታ ድርጅቶች ለረዥም ዘመን ከተገለገሉባቸው ሞተሮች መካከል ያማሃ ዲቲና ያማሃ ኤጂ የተባሉት ይገኛሉ። ኤጂ ለገበሬ ሥራ ታስቦ የተሠራ ስለ ሆነ ካቴናው ከጭቃና ከአቧራ በሽፋን የተጠበቀ ነው፤ ከፊትና ከኋላ ፖርታመጋላ አለው፤ በግራም በቀኝም የሚቆምበት እግር ተበጅቶለታል። መልኩ አያኰራም፥ ሥራው ግን ያኰራል። ሆንዳ ኤክስ አር 150 ኤልም ለዚሁ ለሁለት መንገድ ከተሠሩት አንዱ ነው። ከሕንድ የሚመጡት ባጃጅ ቦክሰርና ቲቪኤስ ግን የመንገድ ሞተሮች ናቸው፤ ዋጋቸው የሚቀል መለዋወጫቸውም በብዙ ከተማ የሚገኝ ስለ ሆነ፥ ሥራው ከጎንደር ፒያሳ እስከ አዘዞ ለሆነ ሰው ይበቁታል። ለስሜን ዐቀበት ግን አልተሠሩም። በዚህ ሁሉ ላይ አንድ ሚዛን አለ፤ መለዋወጫው በጎንደር ወይም በደባርቅ የማይገኝ ሞተር፥ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፥ አንዲት ትንሽ ዕቃ ስትጐድለው በግቢ ውስጥ ቆሞ የዶሮ ማደሪያ ይሆናል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ስለ ኤሌክትሪክ ሞተር ብስክሌት የሚጠይቅ ሰው በዝቷል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማያቃጥል ከፍታ ጕልበቱን አይቀንስበትም፤ ይህ ታላቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ባትሪው በብርድ ጊዜ የሚሰጠው ኀይል ያንሳል፥ ረዥም ዐቀበትም ፈጥኖ ያደርቀዋል፤ መብራት በሌለበት ቀበሌም የሚሞላበት የለም። ስለዚህ ለከተማ ነዋሪ ሊመረጥ ሲችል፥ ለሩቅ ቀበሌ ተጓዥ ግን ገና ማሰብን የሚጠይቅ ነው።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፥ ሳይፈትኑ መግዛት ጸጸትን ያመጣል። ጎንደር ላይ የሚገዛ ሰው ሞተሩን በሜዳ ብቻ ነድቶ አይመለስ፤ ከኋላው ሰው አስቀምጦ ወደ ጎሃ ተራራ ያውጣው፥ ዐቀበቱ መካከልም አቁሞ እንደ ገና ያስነሣው። በዝቅተኛ ማርሽም ይዞ ይውረድ። ያገለገለ ሞተር ከሆነ ሊብሬው ላይ ያለው የሞተርና የሻንሲ ቍጥር ከአካሉ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን፥ ቦሎው ያላለፈበት መሆኑን ይመልከት። በአዋጅ ቍጥር 799/2005 የታዘዘውን የሦስተኛ ወገን መድንም ሳይዝ ወደ መንገድ አይውጣ።

ለግዢ ከተመደበው ገንዘብ ላይ ግን አስቀድሞ የሚቀነስ አለ፤ ይኸውም ሄልሜት የሚባለው የራስ መከላከያ ቆብ ዋጋ ነው። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2008 ኮክሬን በሚባለው የሕክምና ጥናት ድርጅት ታትሞ የወጣ፥ 61 ጥናቶችን ያመዛዘነ ምርመራ፥ ሄልሜት የሞትን አደጋ በ42 በመቶ፥ የራስ ጕዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አስረድቷል። ከኋላ የሚቀመጠውም ሰው እንደ ነጂው ራስ አለውና ለእርሱም ሁለተኛ ቆብ ይገዛ። አባት ፊት፥ እናት ኋላ፥ ሕፃን በመካከል ሆኖ መሄድ ግን ፍቅር ቢመስልም ፍቅር አይደለም። ወፍራም ጓንትና የዝናብ ልብስም ከሞተሩ ጋር ይታሰብ፤ በጨነቅ የደነዘዘ እጅ ፍሬን አይጨብጥም። ቤንዚንን በላስቲክ ጠርሙስ ገዝቶ በማድ ቤት ወይም ልጆች በሚያድሩበት ክፍል ማስቀመጥም ቤትን ከነቤተ ሰቡ ለእሳት አሳልፎ መስጠት ነው፤ ከቤት ውጭ፥ በተከደነ የብረት ዕቃ ይቀመጥ።

በስሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ የሚያልፍም ሰው ሌላ ዕዳ አለበት። ፓርኩ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፥ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገብቶ ነበር፤ በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጣ። ዋናው መንገድ ከፓርኩ ውጭ እንዲያልፍ ማድረግም በዚያ ዘመን ከተጠየቁት ነገሮች አንዱ ነበረ። ስለዚህ ጭላዳና ዋልያ በሚሰማሩበት ቦታ ቀስ ብሎ መንዳት፥ የማርሚታውንም ድምፅ ሆን ብሎ አለማስጮኽ የጨዋ ሰው ሥራ ነው።

በመጨረሻ ምክራችንን ባጭሩ እንሰብስበው። ለመካነ ብርሃንና ለመሰሉት ደገኛ አገሮች፥ 150 ወይም 200 ሲሲ የሆነ፥ ባለ አራት ምት፥ ከ130 ኪሎ ግራም ያልበለጠ፥ የፊት ጎማው ትልቅ፥ መለዋወጫውና መካኒኩ በቅርብ የሚገኝ ሁለገብ ሞተር ይበቃል። ገንዘቡ ሁሉንም የማያደርስ ቢሆን ከፍጥነቱና ከጌጡ ይቀነስ፥ ከፍሬኑ፥ ከጎማውና ከራስ ቆቡ ግን አይቀነስ። የሚገዛውም ሰው ብቻውን አይወስን፤ ባልና ሚስት ተቀምጠው መንገዱን፥ ጭነቱንና ኪሳቸውን አንድ ላይ ይመዝኑ። ማታ ደጅ ደጁን እያየ የሚጠብቅ ሰው በምርጫው ላይ ድምፅ ሊኖረው ይገባልና።