ለቀብር እድር፣ ለቤት ዝምታ

ዋሽንግተን ዲሲ፣ ማውንት ፕሌዘንት ሰፈር፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በተሠራ የጡብ አፓርታማ ውስጥ እኖራለሁ። መንገዱ ግራ ቀኙ ዛፍ ነው፤ ሮክ ክሪክ ፓርክ ቅርባችን ነው። «አሁንም እዚያ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ነህ?» ይሉኛል ወገኖቼ። አዎ፣ ነኝ! ያቆየኝ እኮ እርጅናው ነው። በከተማው ሕግ የኪራይ ጭማሪ ገደብ ያለባቸው በአብዛኛው ከ1976 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩ ሕንፃዎች ናቸው። ያ ባለመስታወቱ አዲስ ሕንፃ ግን ገደቡ አይመለከተውም።

ሌላም አለ። ሕንፃው ሲሸጥ ተከራዮች ቀድመው የመግዛት መብት እንዲኖራቸው በ1980 የወጣው ሕግ በ2025 ቢሻሻልም አልተሻረም። ነገር ግን በእንዲህ ያለ ትልቅ ሕንፃ ለብቻ የሚገዛ ተከራይ የለም፤ ማኅበር ማቋቋም የግድ ነው። እኛስ? የስብሰባው ወረቀት በበራችን ሥር ሲገባ ከፒዛው ማስታወቂያ ጋር አብረን እንጥለዋለን። «ሁለት ሥራ ነው የምሠራው፣ ጊዜ የለኝም» እንላለን። ለለቅሶ ግን ጊዜ አጥተን አናውቅም። ሬሳ አገር ቤት ለመላክ በአንድ ቀን ገንዘብ የምናሰባስብ ሰዎች፣ በሕይወት ያለ ጎረቤታችን ከቤቱ እንዳይወጣ ለአንድ ሰዓት መሰብሰብ እንዴት ያቅተናል? እድር ማቋቋም ማንም አያስተምረንም። እስቲ አንዱን ለጣሪያችን እናድርገው።