በረዶ ባይኖርስ?

በፈረንጅ ፊልም ላይ ጥንዶች በሥራ ቀን ሹልክ ብለው በረዶ የለበሰ ተራራ ላይ በስኪ ሲንሸራተቱ እያየን እንቀናለን። ስኪ ጭራሽ አያውቀንም አንልም፤ ሮቤል ተክለማርያም በ2006 እ.ኤ.አ. ቱሪን ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በክረምት ኦሎምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ሰው ነው።

ግን መቼስ ለሁለት ሰው ሽርሽር በረዶ ግዴታ አይደለም። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለችው እንጅባራ ብርዱን በነጻ ትሰጣለች፤ አንድ ጋቢ ለሁለት መደረብ ነው። በእሳተ ገሞራ የተፈጠረው ዘንገና ሐይቅ እዚያው ቅርብ ነው። ፈረስ ካማራችሁ፣ የአዊ ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ በየዓመቱ ጥር 23 በዓሉን ያከብራል። ረቡዕ የሄደ ደግሞ የቅዳሜ ግርግር አያገኘውም።

የጎደለን በረዶ ሳይሆን ሰላም ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ውጊያ ከተቀሰቀሰ ወዲህ፣ «ረቡዕ እንሂድ?» ከማለታችን በፊት «መንገዱ ሰላም ነው?» እንላለን። እኛስ ብንቀር ሽርሽር ነው የቀረብን፤ እንግዳ ጠብቆ ለሚያድረው ሆቴልና ሻይ ቤት ግን እንጀራ ነው።

ስለዚህ ጠመንጃ ለያዛችሁ ሁሉ፦ ሪዞርቱ ይቆየን። መጀመሪያ ሁለት ሰው ሄዶ በሰላም የሚመለስበት መንገድ ይኑረን።