«አጽዳው» አትበሉኝ

ያለ ኖታ፣ ያለ ዕቅድ ፒያኖ ላይ የመጣልኝን ተጫውቼ ቀድቼ ለጓደኞቼ ስልክ መልሱ ሁሌ አንድ ነው፦ «አሪፍ ነው፤ ግን ትንሽ አጽዳው።» ማጽዳትማ እንጀራዬ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ኮድ ሳጸዳ ነው የምውለው። ኮድ ውስጥ ስህተት ስህተት ነው። ኢምፕሮቫይዝ የተደረገ ሙዚቃ ላይ ግን አልስማማም።

በሚዲ ስትቀዱ የሚመዘገበው ድምፅ አይደለም፤ የትኛው ቁልፍ፣ መቼ፣ ከ1 እስከ 127 ባለው መለኪያ በምን ኃይል እንደተመታ ነው። ኳንታይዝ የሚሉት ትእዛዝ «መቼ» የሚለውን ይዞ እያንዳንዱን ኖታ ወደ ቅርቡ የምት መስመር ይጎትታል። ከበሮ ላለው ዳንኪራ ይሁን፣ ግድ የለኝም። ብቻውን ለሚያስብ እጅ ግን መስመሩ የማን ነው?

ባለፈው ክረምት በትዝታ ቅኝት 11 ደቂቃ ያህል ተጫወትኩ። መሃል ላይ መንገዱ ጠፋኝና እጄ ቆመ። ቆይቶ ከግራ እጄ አንዲት ኖታ ዘግይታ መጣች። እኔ ሞኙ ዝምታውን ቆርጬ፣ ኳንታይዝ አድርጌ፣ ዋናው ፋይል ላይ ሴቭ አደረግኩት። ለሁለት መስመር ኮድ ጊት የምከፍት ሰው ለዚህ ኮፒ እንኳ አልያዝኩም! አሁን ስሰማው ሁሉም በሰዓቱ ይደርሳል፤ የሚያመነታው ሰው ግን የለም። ያቺን ኖታ መልሼ ልጫወታት ሞክሬያለሁ። የት እንደምትመጣ ስለማውቅ አትዘገይም፤ እኔ ነኝ የማዘገያት።

ኪት ጃሬት በ1975 እ.ኤ.አ. ኮሎኝ ኦፔራ ቤት የቀረበለት ፒያኖ ያዘዘው አልነበረም፤ አነስተኛ፣ ላይኛው ድምፁ የሳሳ፣ ባሱ የደከመ። ስለዚህ መሃሉ ላይ አተኮረ፣ ግራ እጁ አንድን ነገር እየደጋገመ ሄደ። ማቃሰቱ ሳይቀር ቀረጻው ላይ አለ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ አዲስ አበባ ቤታቸው በካሴት የቀዷቸው ዘፈኖች (ኢምፕሮቫይዜሽን ባይሆኑም) በ2024 እ.ኤ.አ. በአልበም ሲወጡ የመስኮቱ ወፎችም አብረው ወጡ። ወፎቹ ይጥፉልን ያለ ሰው አልሰማሁም።

ስህተት ሁሉ ይቀደስ አላልኩም። እኔም በማግስቱ ሰምቼ ብዙውን እጥላለሁ፤ ስጥል ግን ሙሉውን ነው። የተረፈው እንዳለ ይላክላችኋል። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ የአከራዬ ሙቀጫ ይሰማል፤ ቡና እየወቀጡ ነው።